ስለ እግረኛ አሰፋፈር የሚሰጠው ትምህርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሲመዘን

በዚህ ባለንበት ዘመን በውጭ አገር ስለ ከተማና ስለ ሰፈር አሠራር የሚጽፉ ሊቃውንት አንድ አሳብ አጥብቀው ይዘዋል። ይኸውም ሰው የሚኖርበት ስፍራ ለእግረኛ እንዲመች ሆኖ ቢታቀድ፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና የሐኪም ቤቱ በእግር የሚደረስባቸው ቢሆኑ፣ ነዋሪው ሌላ ድካም ሳያስፈልገው ከዕለት ኑሮው ጋር ጤናን ያገኛል የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ይህም ጽሑፍ አሳቡን ለመንቀፍ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱ ወደ አገራችን ሲገባ፣ በማን ኑሮ ላይ ተመሥርቶ እንደ ተጻፈ፣ መለኪያውም ከየት መሬት እንደ ተወሰደ ሳይጠየቅ እንደ ተጠቀለለ ይገባል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ላይ አድርገን ልንመዝነው አስበናል። እነዚህን ወረዳዎች የመረጥንበት ምክንያት ሕዝባቸው መሄድን ከቶ ያልተወ በመሆኑ ነው።

የትምህርቱ ሥር ከአንድ ምንጭ የፈለቀ አይደለም። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣው ንድፍ ትምህርት ቤቱን በመካከል አቁሞ፣ ሕፃን ዐውራ ጎዳና ሳያቋርጥ በእግሩ የሚደርስበትን፣ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 400 ሜትር ያህል፣ በስፋቱም 65 ሄክታር ገደማ የሆነ የጎረቤት ሰፈር ሣለ። ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. በጻፈችው መጽሐፍ የከተማ ሕይወትና ጸጥታ የሚጠበቀው በእግረኛው መንገድ ላይ በሚመላለሰውና በመስኮት በሚያየው ሰው ነው ብላ የጊዜዋን መሐንዲሶች ተከራከረች። ካርሎስ ሞሬኖ የተባለው በፈረንሳይ አገር የሚያስተምር ሊቅ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኑሮ የሚያስፈልገው ሁሉ ከቤት በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲገኝ የሚል ምክር አሰምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በበኩሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ከእንቅስቃሴ የተገታውን ሰው ቁጥር በመቶ 15 ለመቀነስ አስቧል፤ በ2020ም አንድ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሊያደርግ ይገባዋል ሲል ወስኗል። በአገራችንም አሳቡ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለአዲስ አበባ ባቀረበው ማስተር ፕላን የፔሪን የጎረቤት ሰፈር ይዞ መጥቶ ነበር።

እነዚህን ጽሑፎች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንባቢያቸው መሄድ ያቆመ ሰው ነው። መኪና ገዝቷል፣ ቤቱ ከሥራው ርቋል፣ ወንበር ላይ ይውላል፤ ልቡና ደሙ በዚሁ ታመዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሰው እንደ ገና ለማስነሣት መንገዱን ያስጌጡለታል፣ ዛፍ ይተክሉለታል፣ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ያቆሙለታል። መሄድ በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደ መድኃኒት በልክ የሚሰጥ ነው። ለስማዳ ሴት ወይዘሮ በሳምንት 150 ደቂቃ እንድትሄድ ምክር ቢሰጣት ግን መልሷ ሳቅ ነው የሚሆነው፤ ይህን ያህል ደቂቃ በአንድ የገበያ ቀን ጧት ታልፈዋለችና። ጥያቄው ሰውን እንዴት እናስኪደው የሚል መሆኑ ቀርቶ፣ ከሚሄደው ውስጥ የትኛው ለሕይወቱ ይረባዋል፣ የትኛውስ ሕይወቱን ይበላዋል የሚል መሆን ነበረበት። በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ተፈልጎ አይገኝም ለማለት ይቻላል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ በምዕራብ ወገን ቆሞ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰዳል። ከጉና ወዲህ ደጋው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሳለ በድንገት ይቆረጥና ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት ዐርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። ዐርብ ገበያ በስሙ እንደሚያመለክተው ከተማ ከመሆኑ በፊት ሰው በሳምንት አንድ ቀን በእግሩ የሚሰበሰብበት ሜዳ ነበር። የደጋው ሰው ገብሱንና ድንቹን፣ የቆላው ሰው ማሽላውንና ጤፉን ተሸክሞ በመካከል ይገናኛል፤ ገበያው የሚቆመው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን ደርሰው ሊመለሱ በሚችሉበት ስፍራ ነው። የገበያውን ቦታ የወሰነው እንግዲህ የሰው እግርና የፀሐይ ሰዓት ነው። ይህን ዐይነት አሠራር የሞሬኖ ደቀ መዛሙርት ቢያዩት የራሳቸውን ትምህርት በገደል ላይ ተጽፎ ባገኙት ነበር፤ ልዩነቱ 15 ደቂቃው ግማሽ ቀን መሆኑ ብቻ ነው።

በርቀት የሚሄድም ሌላ ሰው አለ። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነውም ዙር አባ (ዙር አምባ የሚሉትም አሉ) የሚገኙበት አገር ነው። ከሩቅ አገር የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደነዚህ ደብሮች የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ በየመንደሩ ቁራሽ የሚሰጠውና በደጀ ሰላም የሚያሳድረው ሰው ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ ባልተዘረጋ ነበር። ይህ ሁሉ መንገድ ያለ መሐንዲስ የተሠራ ነው። የእግረኛ መንገድ የሚባለው ንጣፉ ብቻ እንዳልሆነ፣ በንጣፉ ዳር የሚኖረው ሰው ጠባይም ጭምር እንደ ሆነ ጄኮብስ ስለ ኒው ዮርክ የጻፈችውን እዚህ በሌላ መልክ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ፔሪ ልመለስ። በንድፉ መካከል ትምህርት ቤት እንዳለ ሁሉ፣ በእኛ አገር በአጥቢያው መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙውን ጊዜ በጉብታ ላይ፣ በዛፍ ተከቦ የሚታይ ነው። ክርስትና፣ ፍታት፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ እርቅና ሽምግልና ሁሉ በዚያ ዙሪያ ይፈጸማል። ነዋሪው በጧት የደወሉን ድምፅ ሰምቶ ተነሥቶ ቅዳሴ ሳይወጣ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የአጥቢያው ስፋት በድምፅና በእግር የተለካ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። አዲሱ አስተዳደር ግን የሚቆጥረው በቀበሌ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች መድቦ፣ አንዱ ጤና ኬላ 5,000 ያህል ሰው እንዲያገለግል ወስኗል። ፔሪም ለአንድ የጎረቤት ሰፈሩ ያሰበው የሰው ቁጥር ከ5,000 ጀምሮ ነበር። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ መሬቱ አንድ አይደለም። የፔሪ 5,000 ሰዎች በ65 ሄክታር ላይ ተቀምጠዋል፤ የስማዳው 5,000 ሰው ግን በሁለት ሸለቆና በሦስት ጉብታ ላይ ተበትኗል። በወረቀት ላይ «ለ5,000 ሰው አንድ» የሚለው ደንብ በሁለቱም ስፍራ ተፈጽሟል ይባላል። በአንዱ ስፍራ ሕፃን ብቻውን ይደርሳል፤ በሌላው የታመመ ሰው በቃሬዛ ይሄዳል። የጤና ኬላ ሥራ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያዳነ ሥራ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። የምንነቅፈው ነገር ቢኖር ቦታው ሲመረጥ ከአጥቢያው መካከል ይልቅ መኪና የሚደርስበት ዳር መመረጡን ነው፤ አቅርቦቱን ለሚያመጣው መኪና ቀረበ፣ ለበሽተኛው ግን ራቀ።

ከዚህ የባሰው የመለኪያው ነገር ነው። የዓለም ባንክ ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት የገጠር መንገድ መለኪያ፣ አንድ ሰው ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከኖረ መንገድ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ርቀት የመረጡት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ በእግር ይኬዳል ብለው ነው። መለኪያው ኋላ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ጋር ተጨምሯል። እንግዲህ በካርታ ላይ ክብ ተሥሎ በክቡ ውስጥ ያለው ቤት ይቆጠራል። ነገር ግን ከታች ጋይንት አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን መንደር የሚያይ ሰው፣ የሰዎቹን ድምፅ እየሰማ፣ እዚያ ለመድረስ ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። በካርታ ላይ ሁለቱ መንደሮች ጎረቤት ናቸው። ባላገሩ ራሱ ርቀትን በኪሎ ሜትር አይናገርም፤ «ጧት ተነሥተህ ለምሳ ትደርሳለህ» ወይም «ቀትር ሳይሆን ወንዙን ትሻገራለህ» ይላል። እንዲሁም የሚሄደው ሰው ባዶ እጁን ነው ወይስ ተጭኖ፣ ሲወርድ ነው ወይስ ሲወጣ፣ በጋ ነው ወይስ ክረምት የሚለውን ሁሉ አስቦ ነው የሚመልሰው። ይህ አነጋገር ከሳይንስ ያነሰ አይደለም፤ የቦታ ቅርጽን፣ የሸክምን ክብደትና የወቅትን ጠባይ በአንድ ቃል ያጠቃለለ መለኪያ ስለ ሆነ የባለሙያዎቹን ክብ ይበልጠዋል። የአካባቢ ጥናት የሚያደርጉ ተማሪዎች ከመንደር ወደ መንደር ያለውን ርቀት በዚህ በባላገሩ ሰዓት ጽፈው ቢያመጡልን ብዙ ጥቅም አለው።

የውኃውንም ነገር ብናይ ያው ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲያገኝ ተወስኖ ነበር። በዚህ አገር ምንጩ የሚገኘው ከመንደሩ በታች ነው፤ መንደሩ ደግሞ ለነፋስ፣ ለጎርፍና ለወባ ሲባል በትከሻው ላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ባዶው ጀሪካን ቁልቁል ይወርዳል፣ 20 ኪሎ የሚመዝነው ሙሉው ዳገቱን ይወጣል። ተሸካሚዋም ልጃገረድ ወይም እናት ናት። የንድፍ መጻሕፍቱ ከቤት እስከ መናኸሪያ የሚሄደውን እግረኛ ያለ ሸክም ስለሚሥሉት፣ ዕቅዱን ያወጡት ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። እንጨትና ኩበት፣ ወደ ወፍጮ የሚሄድ እህል፣ በጀርባ የታዘለ ሕፃን በየትኛውም ክብ ውስጥ አልተቆጠሩም። ባልና ሚስት አብረው ከገበያ ሲመለሱ ዱላ የያዘው ማን እንደ ሆነ፣ ሸክሙን የያዘችውስ ማን እንደ ሆነች ያየ ሰው «እግረኛ» የሚለው ስም ለሁለቱ እኩል እንዳልሆነ ይረዳል።

ስለ ጤና የሚናገር ሰው እግሩን ራሱን ሊያይ ይገባዋል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ሕዝቡ የዝሆን እግር የሚለው በሽታ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ከመሄድ የሚመጣ ነው። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። አገር አቀፍ ጥናት በሽታው በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ በሚሆን ሰው ላይ እንደሚገኝ ገምቷል፤ ከበዛባቸው ክልሎችም አንዱ የአማራ ክልል ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቢሆንም የዘር ነው እየተባለ በሽተኛው ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ይታያል። መከላከያው ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ነው። ውኃው ከላይ እንዳልነው ከገደሉ በታች ነው። ጫማውም ቢሆን፣ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ በየገበያው ከገባ ወዲህ ብዙ ሰው ጫማ አድራጊ ሆኗል፤ ነገር ግን በእርሻ ጊዜ ከጭቃ ጋር የሚስማማ ስላልሆነ ብዙው ገበሬ አውልቆ ነው የሚያርሰው። የውጭ አገሩ ትምህርት መሄድ ሰውነትን ያድናል ሲል፣ በዚህ አፈር ላይ መሄድ እግርን እንደሚያጠፋ አላሰበም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ርካሽ ጫማ ነው። ከአግዳሚ ወንበርና ከዛፍ ጥላ በፊት ይህ ሊታሰብ ይገባል ማለት አሽሙር አይደለም።

«እንግዲያስ ሰዎቹ ተሰብስበው ለምን አይቀመጡም?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ይህን ጥያቄ መንግሥት ራሱ ጠይቆ፣ መልሱንም በግድ አግኝቶ ነበር። በደርግ ዘመን ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደር ምሥረታ የሚባለው ሥራ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተካሄደ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንደ ገና እንዲሠራ ታዘዘ። የዕቅዱ ክርክር ከዛሬዎቹ ሊቃውንት ክርክር ብዙ የራቀ አልነበረም፦ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ወፍጮና ውኃ ለተሰበሰበ ሰው ይቀርባሉ የሚል ነው። የተረሳው ነገር ገበሬው በቀን በቀን የሚሄድበት ዋና ስፍራ ክሊኒኩ አለመሆኑ ነው። ማሳው ነው። ቤቱ ወደ አገልግሎቱ ሲቀርብ ከማሳው ራቀ፤ እሸቱን ከዝንጀሮና ከወፍ የሚጠብቅ ጠፋ፤ የጓሮው ጎመንና ጌሾ ቀረ፤ የተሰበሰበው ከብት በአንድ ስፍራ ሣሩን ጨረሰ። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው መመሪያ ሲለወጥና ገበሬው ወደ ወደደው እንዲሄድ ሲፈቀድለት ብዙው ሰው ቆርቆሮውንና ማገሩን ነቅሎ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ።

በጋይንትም ሆነ በእስቴ ያለው የተበታተነ አሰፋፈር ካለማወቅ የመጣ አይደለም። አንድ ገበሬ አንዱ ማሳው በደጋ፣ አንዱ በወይና ደጋ፣ አንዱም ወደ ቆላ ወረድ ብሎ ቢኖረው፣ ውርጭ ገብሱን ቢመታው ማሽላው ይተርፈዋል። ርስት በልጅ ልጅ ሲከፋፈል ይህ መበታተን በዝቷል፤ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ወዲህም መልኩን ቢለውጥ አልጠፋም። እያንዳንዱ ማሳ ግን እግር ይጠይቃል። ስለዚህ የገበሬው ቤት የሚቆመው ከሁሉም ማሳዎቹ በሚያማክለው ቦታ ነው፤ ይህም ራሱ ንድፍ ነው፤ ንድፍ አውጪው ራሱ የሚሄደው ሰው መሆኑ ብቻ ከሌላው ይለየዋል። ይህን ስል ግን የተራራውን ሰው ኑሮ እንደ ሥዕል እያዩ የሚያደንቁትን መንገደኞች ልከተል አልፈልግም። ገበሬው የተበታተነው ድኽነትን ለመሸሽ ነው፤ ድኽነቱ ግን አልተወውም። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው።

የሴፍቲኔቱ የሕዝብ ሥራ ካስገኛቸው ነገሮች አንዱ ወደ ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ የማገናኘት አገር አቀፍ ፕሮግራም ነበር። መንገዱ የተቀደደው ለመኪና ስለ ሆነ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። እግረኛው በጥምዝምዙ አይሄድም፤ በአቋራጭ ቀጥ ብሎ ይቆርጠዋል። አቋራጩን ክረምት ጎርፍ ይገባበትና ቦይ ያደርገዋል፤ ቦዩም ውሎ አድሮ የላይኛውን መንገድ ይበላል። መሐንዲሱ ሕዝቡ መንገድ ያበላሻል ብሎ ያማርራል። ሕዝቡ የሚሄደው ግን መንገዱ ከመሠራቱ በፊት በሚሄድበት ነው። በአቋራጩ ላይ ጥቂት የድንጋይ ደረጃና ማፋሰሻ ቢሠራ ኖሮ ሁለቱም ይድኑ ነበር፤ ግን የእግር መንገድ በመንገድ ቆጠራ ውስጥ ስለማይገባ በጀትም ባለቤትም የለውም።

የእግር መንገድ ባለቤት ቢያገኝ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ በዓባይ ላይ አለ። ከሞጣ ወደ እስቴና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው የቆየ የነጋዴ መንገድ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ፈረሰና ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ጎጃሜውና ጎንደሬው በሁለቱ ስባሪዎች ጫፍ ላይ ቆመው በገመድ እየተሳሳቡ ይሻገሩ ነበር፤ ነጋዴው፣ ዘመድ ጠያቂው፣ በሽተኛውም እንዲሁ። ይህን ያህል ዘመን አንድም መሥሪያ ቤት ጉድለቱን እንደ መንገድ ጉድለት አልቆጠረውም፤ መኪና የማያልፍበት ነበርና። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለቤት የገመዱን አሻጋገር ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ አየ፤ በዓመቱም ብረቱንና ሌላውን ዕቃ በአህያና በሰው ሸክም አስወርዶ ክፍተቱን ከአገሩ ሰዎች ጋር ሞላው። በእግረኛ ድልድይ ሥራ በብዙ አገር የታወቀው ድርጅት ከዚህ ሥራ ተወለደ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009ም ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ የእንግዳው ሰው ቸርነት አይደለም። የሚያስደንቀኝ ነገሩ በፎቶግራፍ እስኪታይ ድረስ በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ለማን እንደሚያመለክቱት አለመታወቁ ነው።

ስለ ዐውራ ጎዳናም አንድ ቃል ልጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አልፈው ድንጋዩን እያስፈለጡ መንገድ አወጡ፤ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው። በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ርቀት ነው። ይኸው ለመንኰራኩር ብሎ ተራራን የመቁረጥ ሥራ በደርግ ጊዜ ከወልድያ እስከ ወረታ በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራው መንገድ ተፈጸመ፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ ይለዋል። ክምር ድንጋይ፣ ጎብጎብና ነፋስ መውጫ ዛሬ በዚህ መንገድ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። መንገዱ ለአገሩ የሠራው በጎ ነገር ብዙ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ገደማ በወሎ የነበረውን ረኃብ ያስታወሰ ሰው እህል የሚያደርስ መንገድን አይነቅፍም። ነገር ግን ከተሞቹ ወደ ጎን መስፋትን ትተው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ እንደ ክር ረዘሙ። ሱቁም፣ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም በአንድ መስመር ላይ ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ፣ አህያውና የጭነት መኪናው በዚያው መስመር ይጋፋሉ። ፔሪ ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ሕፃን ዐውራ ጎዳና እንዳያቋርጥ ነበር። ከውጭ አገር ትምህርት ውስጥ ለነዚህ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀየር ሊወሰድ የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ የተተወውም ይህ ክፍል ነው።

መንግሥት ስለ እግረኛ አላሰበም ለማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድን ለመኪና ዘግቶ ለሰው የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» የተባለው ቀን ተጀመረ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስልት አወጣ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን ሠርቷል። ስልቱ በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዞ በእግር እንደሚፈጸም ማመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነቀፋችን የሚሄደውን ሰው በከተማ ዳር ላይ ሲደርስ ጥሎት መመለሱ ነው፤ ዐይኑ ያረፈው በአዲስ አበባና በሁለተኛ ደረጃ ከተሞች ላይ ነው። የኮሪደሩም ነገር ሲነሣ፣ ለእግረኛ ተብሎ ሰፈሩ የፈረሰበትና ወደ ከተማው ዳር የተወሰደ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይሄድበት ወደነበረው ሥራው አሁን በታክሲ ይሄዳል። መንገዱ ለእግረኛ ሰፋ፤ እግረኛው ግን ተሳፋሪ ሆነ።

በገጠር ግን፣ ትምህርቱን ሳይጠቅስ፣ የመሄድን ወሰን የተረዳ አንድ ሥራ አለ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች አጠገብ የተሠራው የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። የመውለጃዋ ወራት የደረሰ ሴት ምጥ ከመያዟ በፊት መጥታ ትቀመጥበታለች፤ ስለዚህ በሌሊት በቃሬዛ ገደል መውረድ ይቀራል። አንዳንዶቹ እንደ አገሩ ልማድ ተሠርተው ገንፎ የሚበላባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው ናቸው። ርቀቱ ሊቀርብ ካልቻለ ጊዜው ይቅደም የሚለው አሳብ ከየትኛውም የ15 ደቂቃ ክብ ይልቅ ለዚህ መሬት ይስማማል። ብዙ ሴቶች ግን አይመጡም፤ ከመጡትም ቀኑ ሳይደርስ የሚመለሱ አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ስለ ምግቡና ስለ አልጋው ብቻ አይደለም። ከብቱን ማን ያያል፣ ለልጆቹ ማን ይጋግራል፣ ከምንጩስ ውኃውን ማን ያወጣል የሚል ነው። ማቆያው የእርሷን መንገድ አሳጥሮላታል፤ እርሷ በቀን በቀን የምትሄደው መንገድ ግን እርሷን እየጠበቀ በቦታው አለ።